ስምንት ኩባያ ሽምብራ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ትላልቆቹ ዛፎች መንገዱን እንደ ጣሪያ ከሸፈኑበት ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንድ የካርታ ጨዋታ ቤት ነበር። ቤቱን የባቡር ሠራተኞች በእረፍት ቀናቸው ድንጋይ ተሸክመው የሠሩት ነው የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ቁልፉ ግን በአቶ ሸዋንግዛው እጅ ነው፤ ቁልፍ የያዘን ሰው ደግሞ ቤቱን ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ቤቱ ሁለት ገበታ አለው። አንዱ ደረጃ ተወጥቶ የሚደረስበት በረንዳ ላይ ነው፤ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ፣ አምስት ባለ መደገፊያ ወንበር የከበበው። ሌላው ታች ግቢው ውስጥ፣ ከኒም ዛፍ ሥር ነው፤ ጣውላው በፀሐይ ተሰነጣጥቋል። በሁለቱም ላይ የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ ነው፤ ፖከር። ለእያንዳንዱ ሰው አምስት ካርታ ይታደላል፤ ያልወደደውን ጥሎ ከተረፈው ይለውጣል፤ ከዚያ የተማመነ ያስይዛል፣ የፈራ ይጥላል። ልዩነቱ ሌላ ነው። ላይ ካርታውን ተጫዋቾቹ ራሳቸው በየተራ ይበውዛሉ፣ ራሳቸው ያድላሉ። ታች ግን የሚበውዘው የቤቱ ሰው ባሻ ወርዶፋ ብቻ ነው። ከኒሙ ሥር የተቀመጠ ሰው የደረሰውን ያነሣል እንጂ ሌላውን ካርታ አይነካም።

ላይ ለመቀመጥ ብዙ ገንዘብ ማስያዝ ያስፈልጋል። ገንዘብ ለሌለው ሰው ደግሞ አቶ ሸዋንግዛው በዓመት አንድ ቀን ፈቅደውለታል። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ልክ በስድስት ሰዓት የግቢው በር ይከፈታል። ቀድመው የደረሱ ስምንት ሰዎች ከዛፉ ሥር ይቀመጣሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም በገንዘብ ፋንታ አንድ ኩባያ የተቆላ ሽምብራ ይሰጣቸዋል። በእሱ ይጫወታሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ስምንቱን ኩባያ ሞልቶ ያስረከበ ሰው ደረጃውን ይወጣል፤ በረንዳው ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ የቆመው ስድስተኛው ወንበር የእሱ ይሆናል። በቤቱ ሥርዓት መሠረት መጀመሪያ የሚበውዘውና የሚያድለውም አዲስ የተቀመጠው ሰው ነው።

ይህ ሥርዓት ከወጣ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ስድስተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ግን እስካሁን የለም።

ላቀው ከኒሙ ሥር ሲቀመጥ ይህ ስምንተኛ ዓመቱ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ባቡሩ ሲቆም አብሮ የቆመ የሐዲድ ጠጋኝ ነበር። ሌሎቹ የሚመጡት ለወንበሩ ነው፤ እሱ ግን ወንበሩን ያን ያህል አልተመኘውም። የሚፈልገው የበረንዳውን ካርታ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በገዛ እጁ መበወዝ ነበር። ይህንን ለሚስቱ ቢነግራት ሳቀችበት። ካርታ አምሮህ ከሆነማ ከሱቅ አንድ ገዝቼ አመጣልሃለሁ፣ ስትፈልግ ስትበውዝ አድር አለችው።

«እሱማ መጫወቻ ነው» አላት።

ባለፈው ዓመት አሸንፎ ነበር። ሰባቱንም አንድ በአንድ ባዶ አስቀርቶ፣ ገበታው ላይ የቀረውን ሽምብራ ሁሉ በሰሐን ይዞ ደረጃው ሥር ቆመ። ባሻ ወርዶፋ ሰፈረለት። ስድስት ኩባያ ከግማሽ ሆነ። አቶ ሸዋንግዛው ከበረንዳው ጎንበስ ብለው በርኅራኄ ተመለከቱትና ስምንት ኩባያ ሰጥቻለሁ፣ ስምንት ኩባያ እቀበላለሁ፣ ከዚህ የቀለለ ነገር ምን አለ አሉ። ላቀው ሰሐኑን አስቀምጦ ቤቱ ገባ። ዓመቱን ሙሉ ሲያስብ የከረመው ግን ስለ ካርታ አልነበረም። አንድ ኩባያ ከግማሽ ሽምብራ የት እንደ ገባ ነበር የሚያስበው።

የገባበትን ለማወቅ ጠቢብ መሆን አያስፈልግም። ተበልቷል። መብላትን የሚከለክል ነገር የለም፤ እንዲያውም አቶ ሸዋንግዛው በየዓመቱ ጨዋታው ሲጀመር ከላይ ሆነው ሽምብራው የራሳችሁ ነው፣ እንዳሻችሁ አድርጉት ይላሉ። ሽምብራው ሁልጊዜ ትኩስ ነው፣ ጨው አለው፣ ሽታው ከግቢው በር ይቀበላል። የሚመጡት ደግሞ ቁርስ ያልበሉ ሰዎች ናቸው። ካርታ እየጠበቁ አንድ ፍሬ፣ ሲጨነቁ ሁለት ፍሬ፣ ሲሸነፉ ደግሞ የቀረችውን ጭብጥ አፋቸው ውስጥ ጨምረው መነሣት ልማድ ሆኗል። ከመሸነፍ ሆድን መሙላት ይሻላል ይላሉ፤ ተኮራርፈው ይለያያሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁሉም የተሸነፈው በጎረቤቱ ይመስለው ነበር።

በዘንድሮው ቅዳሜ ላቀው አንድ ጆንያ ተሸክሞ መጣ። ስምንቱ ሰዎች ተቀምጠው፣ ኩባያዎቹ ታድለው፣ ባሻ ወርዶፋ ካርታውን ለመበወዝ እጁን ሲያነሣ፣ ላቀው አንድ ነገር ልናገር አለ። ዘንድሮ ማንም ሰው አንዲት ፍሬ እንዳይበላ ጠየቃቸው።

መጀመሪያ የመለሰችለት አስካለ ናት። አስካለ በጅቡቲ መስመር ልብስ እያመጣች ትነግድ የነበረች፣ ኬላ ላይ ጭነቷን ከተነጠቀች ወዲህ ባዶ እጇን የቀረች ሴት ናት፤ ምላሷን ግን ማንም አልነጠቃትም።

«አቦ ላቀው፣ አንተ እንድትወጣ እኛ እንድንራብ ነው?»

«እኔ ካልሆንኩ አንቺ ውጪ።»

«እኔ ብወጣ አንተ ምን ይደርስሃል?»

«ደረጃው የሚወጣበት መሆኑን አያለሁ» አላት።

ከዚያ ነገሩን እንደ ሐዲድ ሥራ ቀስ አድርጎ ዘረጋላቸው። ስምንት ኩባያ ገብቷል፤ ስምንት ኩባያ ነው የሚጠየቀው። አንድ ሰው ሦስት ፍሬ ከበላ፣ ያ ሰው ብቻ አይደለም የሚቀረው፤ ስምንቱም ቀሩ። ያሸነፈውም ቀረ። እኛ እርስ በርስ የተሸናነፍን መስሎን ስንኮራረፍ ከረምን እንጂ፣ አለ፣ ጨዋታው ያለቀው ገና ስናኝክ ነው።

ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንቢሉን እያገላበጠ ታዲያ ሆዳችንን ምን እናድርገው ብሎ ጠየቀ። ላቀው ጆንያውን ፈታ። የተቀቀለ ስኳር ድንች ነበር፤ ገና ይጨሳል። ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት አደረሰ። ባሻ ወርዶፋ ከውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው ሊል አፉን ከፈተና ቀና ብሎ ወደ በረንዳው አየ። ክልክል አልነበረም። እስከ ዛሬ ያሰበው ሰው ስላልነበረ የከለከለውም አልነበረም።

ጨዋታው ተጀመረ።

በሌላው ዓመት ከኒሙ ሥር ከካርታው ድምፅ ይልቅ ጎልቶ የሚሰማው የጥርስ ድምፅ ነበር። ዘንድሮ ጸጥ አለ። ጸጥታው እላይ በረንዳው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም፤ አንድ ሰዓት ያህል እንደ ቆዩ አቶ ሸዋንግዛው አብረዋቸው ከሚጫወቱት አራት እንግዶቻቸው መሀል ተነሥተው ወደ በረንዳው ፍርግርግ መጡ።

«ዛሬ ሽምብራው አልጣፈጣችሁም?»

«በጣም ጣፍጦናል ጋሼ» አለች አስካለ፣ ዓይኗን ከካርታዋ ሳታነሣ። «ለዚህ እኮ ነው የማንነካው።»

ሳቁና ተመለሱ። ጥቂት ቆይቶ ከበረንዳው የጥብስ ሽታ መውረድ ጀመረ። ከዚያ ደግሞ፣ ለሽምብራችሁ ማባያ ተብሎ፣ በትንሽ ሰሐን ሚጥሚጣ ከሎሚ ጋር ተላከላቸው። እግዜር ይስጥልን ብለው ተቀበሉና በስኳር ድንቹ በሉት።

ከሰዓት በኋላው ሙቀት እየበረታ ሄደ። ሰዎቹ ተራ በተራ ባዶ ቀሩ። መጀመሪያ ሁለቱ የቀድሞ የጣቢያ ወዛደሮች፣ ከዚያ ልብስ ሰፊው፣ ከዚያ ሌሎቹ። አንዱ ወዛደር የመጨረሻዋን ጭብጥ ሲያስይዝ እጁ በልማድ ወደ አፉ ሄዳ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች፤ እሱም እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አተኩሮ አያት። ጭብጧ ገበታው ላይ ወረደች። ተሸነፈ። ኩባያውን ደፍቶ ከገበታው ፈቀቅ አለ፤ ወደ ቤቱ ግን አልሄደም። አንዳቸውም አልሄዱም። በየዓመቱ የተሸነፈ ሰው በሩን ዘግቶ ይወጣ ነበር፤ ዘንድሮ ከዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ የራሱ ሽምብራ በማን እጅ እንደሚዞር በዓይኑ ይከተል ጀመር።

አሥር ሰዓት ላይ ላቀውና አስካለ ብቻ ቀሩ። እሷ ዘንድ ከአምስት ኩባያ በላይ አለ፤ እሱ ዘንድ ሦስት የማይሞላ።

ባሻ ወርዶፋ ትንሽ እንረፍ አለ፤ ከላይ የታዘዘ ነገር እንዳለ ከፊቱ ያስታውቃል። ላቀው ወደ ደረጃው ተጠራ። አቶ ሸዋንግዛው እስከ ሁለተኛው ደረጃ ድረስ ወርደው ጠበቁት፤ ከዚያ በታች ሲወርዱ ታይተው አያውቁም። ትከሻውን ያዙት። ስምንት ዓመት ሙሉ ሲያዩት እንደ ኖሩ፣ ትዕግሥቱን እንደሚያደንቁ፣ እንዲህ ያለ ሰው ከታች መቅረቱ እንደሚያሳዝናቸው በዝግታ ነገሩት። ከነገ ጀምሮ ሳምንቱን ሙሉ ወደ በረንዳው መምጣት ይችላል፤ ከእሳቸው ወንበር ኋላ ወንበር ይደረግለታል፤ ከሚቀርበው ይበላል። ከእሱ የሚፈለገው ትንሽ ነገር ነው።

«ጥቂት ቅመስ» አሉት። «ከራስህ ኩባያ ነው፤ የማንንም አይደለም።»

ላቀው ወደ ላይ አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ገበታውን በቅርብ አየው፤ አረንጓዴው ጨርቅ መሀል ላይ ሳስቷል። የእሳቸው ወንበር መደገፊያ ረጅም ነው።

«ከኋላዎ ስቀመጥ ምን ይታየኛል ጋሼ?»

«ጨዋታው ነዋ።»

«ጀርባዎ ነው የሚታየኝ» አለና ወረደ።

ተመልሶ ሲቀመጥ የተባለውን የጠየቀው የለም። ሁሉም ግን አፉን አዩት።

ባሻ ወርዶፋ አደለ። ላቀው ካርታውን ሲገልጥ ሁለት ንጉሥ አገኘ። ሦስቱን ጥሎ ለወጠና ከመጡት መሀል ሌላ ንጉሥ ብቅ አለ። ሦስት ንጉሥ። በስምንት ዓመት እንዲህ ያለ እጅ ደርሶት አያውቅም። አስካለ አንድ ካርታ ብቻ ለውጣ ነበር፤ የመጣላትን አይታ አንድ ሙሉ ኩባያ ገፋች። የረባ ካርታ ሳትይዝ ልታስፈራራው እንደሆነ ገመተ፤ ከቀትር ጀምሮ ሁለቴ እንዲህ ስታደርግ አይቷታል። አንድ ኩባያ ጨመረ። እሷም ጨመረች። እሱ ዘንድ የቀረው ጥቂት ነው፤ ገፋው። ሁሉንም።

«እርግጠኛ ነህ?» አለችው አስካለ፤ በድምፅዋ ፌዝ አልነበረም።

ሦስቱን ነገሥታት ዘረጋቸው። ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ተንሾካሾኩ።

አስካለ ካርታዎቿን አንድ በአንድ አስቀመጠች። ሦስት። አራት። አምስት። ስድስት። ሰባት። ቀለማቸው የተለያየ፣ ለብቻቸው ቢሆኑ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ካርታዎች ናቸው። በዚህ ጨዋታ ሦስት ንጉሥ ብዙ ነገር ያሸንፋል፤ ትንንሾቹ መሀላቸው ክፍተት ሳይተዉ በተራ ሲቆሙ ግን አይችላቸውም።

ላቀው ወንበሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ስምንት ዓመት። የበረንዳውን ካርታ በእጁ ሳይነካው ቀረ፤ ለከርሞ በሩ ይከፈት አይከፈት የሚያውቅ የለም። መዳፉን ሲገልጥ አንዲት የሽምብራ ፍሬ ከላቡ ጋር ተጣብቃ አገኘ። ጨውዋ ያብረቀርቃል። አሁን ቢውጣት ማን ያየዋል? ቢያይስ ማን ይፈርድበታል፣ እሱ ካልወጣ ማን ወጣ ማን ቀረ ምን ቸገረው? ቀትር ላይ ማንም ይውጣ ሲል በልቡ ያየው ራሱን እንደነበር አሁን ገባው። ይህን ማወቁ ከመሸነፉ ይበልጥ መረረው። ፍሬዋን በጥፍሩ ፈልቅቆ በአስካለ ሰሐን ውስጥ ጣላት። ጠብ ስትል ሁሉም ሰማ።

ባሻ ወርዶፋ ይሰፍር ጀመር። አቶ ሸዋንግዛውና እንግዶቻቸው ፍርግርጉ ላይ ተደግፈው ይመለከታሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባለ ሰባት ደረሰ። እዚህ ቁጥር ላይ ተደርሶ አያውቅም። ስምንተኛው ኩባያ ግን አፉ ጋ ሳይደርስ ሰሐኑ አለቀ።

«ጎደለ» አሉ አቶ ሸዋንግዛው፤ በቀስታ፣ እንዳዘነ ሰው።

ሰዎቹ መሬት ላይ ተንበረከኩ። ከጣውላው ስንጥቅ ውስጥ በስንጥር እየፈለፈሉ፣ ከአሸዋው እየለቀሙ፣ ልብስ ሰፊው የሱሪውን ጠርዝ እየዘረገፈ ያገኙትን ሁሉ ጨመሩ። አሁንም የጥቂት ፍሬ ያህል ጎደለ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ማን በላ የሚለው ጥያቄ በሁሉም ፊት ላይ ነበር፤ ያ ጥያቄ አፍ ቢያወጣ ኖሮ እንደ በፊቱ ተኮራርፈው ይበተኑ ነበር።

ያኔ አባባ ደበሌ ጉሮሮአቸውን ጠራረጉ። አባባ ደበሌ ከስምንቱ ተጫዋቾች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ከቀትር ጀምሮ አንድም ቃል ያልተናገሩት ሽማግሌ ናቸው። እጃቸውን አገጫቸው ሥር ዘርግተው ከጉንጫቸው አራት ፍሬ ሽምብራ አወጡ።

«አላኘክሁትም» አሉ። «ጥርስ የለኝም። ጨውን ነበር የምመጠው።»

«ከመቼ ጀምሮ አባባ?» አለች አስካለ።

«ከስድስት ሰዓት። አትብሉ ነው የተባለው፤ አትምጠጡ ያለኝ የለም።»

ሽምብራዎቹ አምስት ሰዓት ሙሉ ምራቅ ጠጥተው አብጠዋል፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ፍሬ ያካክላሉ። አባባ ደበሌ በነጠላቸው ጫፍ አድርቀው ኩባያው ላይ አስቀመጧቸው። እንግዶቹ ከላይ አፋቸውን በመሐረብ ያዙ። አቶ ሸዋንግዛው ይህ አይቆጠርም አሉ፤ አስካለም ጋሼ የጠየቁት ስምንት ኩባያ ነው፣ ደረቅ ይሁን እርጥብ አላሉም አለች። ክርክሩ ሊጀመር ሲል ባሻ ወርዶፋ፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት ያልተጠየቀውን ሳይናገር የኖረው ሰው፣ ከኩባያው ላይ ዓይኑን ሳያነሣ ተናገረ።

«ሞልቷል፣ ጌታዬ።»

አስካለ ነጠላዋን አስተካክላ ደረጃውን ወጣች። ሰባቱም ተከተሏት። የሚወጣው አንድ ሰው ነው ሲባሉ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፤ ልብስ ሰፊው መቀመጥ መውጣት አይደለም ብሎ አስረዳ። ከአምስቱ ባለ ወንበሮች የተነሣ የለም፤ አስካለ ራሷ ወደ ጥጉ ሄዳ ጨርቁን ገፈፈች፣ ወንበሩን ጎትታ ከገበታው አስጠጋች። ካርታው ተሰጣት።

አበዋወዟ ያምር ነበር ማለት አይቻልም። ሁለት ጊዜ አመለጣት፤ አንዱ እንግዳ ሳቀ። ስትጨርስ ለአቶ ሸዋንግዛው አንድ፣ ለአራቱ እንግዶች አንድ አንድ፣ ለራሷ አንድ አደለች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ደረጃው ሄደች። በእያንዳንዱ ሰው ጉልበት ላይ አንድ ካርታ አስቀመጠች፤ በአባባ ደበሌ፣ በልብስ ሰፊው፣ በወዛደሮቹ፣ በሌሎቹ ሁለት፣ በመጨረሻም በላቀው። ተመልሳ እንደገና ከገበታው ጀመረች። እንደገና ወረደች፤ ሃምሳ ሁለቱም ካርታ እስኪያልቅ እንዲሁ ተመላለሰች። ማንም አላስቆማትም፤ የሚያድል ሰው በጨዋታ መሀል አይነካም፣ ይህም የቤቱ ሥርዓት ነበር።

ላቀው ጉልበቱ ላይ የተደረደሩትን አራት ካርታዎች በጣቱ ዳሰሳቸው። ጠርዛቸው ያረጀ፣ በብዙ እጅ የወዛ ነው። እንደማንኛውም ካርታ ናቸው። ይህን ሁሉ ዓመት የተለየ ነገር መስሎት በመኖሩ በራሱ ሊስቅ ቃጣው።

አቶ ሸዋንግዛው የደረሳቸውን ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። ትርፉ ካርታ ሁልጊዜ የሚቀመጥበትን፣ የክርናቸውን ሥር አዩ፤ ባዶ ነው።

«አስካለ» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «በዚህ ቤት ለአንድ ሰው የሚደርሰው አምስት ካርታ ነው። ለእኔ የደረሰኝ አራት ነው።»

አስካለ ሁለቱንም እጆቿን አረንጓዴው ጨርቅ ላይ ዘርግታ ምንም እንዳልቀረ አሳየቻቸው።

«አምስት ይደርስ የነበረው አምስታችሁ ብቻ ስትቆጠሩ ነው፣ ጋሼ። የቤቱ ሰው ግን አሥራ ሦስት ነው።»